ያልቀመስኩት ብስኩት

መጋቢት 7 ቀን 84፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰ.

መብራት ሄደ። ዛሬ ሁለተኛው ነው። ምድጃ ውስጥ የቀረው ብስኩት እንዳለ ከሰለ፤ ማቡኪያው ሊጡን እንደያዘ ቆመ። ሠራተኛው ውጭ ወጥቶ ይሳሳቃል። እኔ ቢሮ ተብዬዋ ውስጥ ካንቺ ጋር ነኝ፣ ደብተሬ።

ጄኔሬተር የለንም። ባለቤቱ ሚ/ር ራመሽ ከሃያ ዓመት በፊት ሕንዶች ከኡጋንዳ ሲባረሩ ትቶት የሄደውን ፋብሪካ የተረከበው ባለፈው ዓመት ነው፤ ጣሪያው ራሱ አልነበረም። መለዋወጫ ከናይሮቢ ይለመናል። ስኳር አንድ ሳምንት ይገኛል፣ አንድ ሳምንት ይጠፋል። የናይሮቢ ብስኩት ግን በየሱቁ፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ ከኛ ረክሶ! እንዴት እንደሚያዋጣቸው እግዜር ይወቀው። ቢሆንም ሦስት ወር ሳንዘጋ ሠራን። አዳሪ ት/ቤቶች ማዘዝ ጀመሩ። ደስ ብሎኛል። ለማን ልንገር? ላንቺ ነዋ።

9 ሰዓት ሞላ፣ ልብላ። ማቶኬ፣ የዚህ አገር የተቀቀለ ሙዝ፣ በለውዝ ወጥ። ሁዳዴ ነውና ሚስቴ አልማዝም አዲስ አበባ ይኼኔ ማዕድ እያቀረበች ነው። አብረን የምንበላ ይመስለኛል። ደብዳቤ ከጻፈችልኝ ሁለት ወር ሊሞላ ነው።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ

ላንቺ ብቻ። የፋብሪካው ሕግ እንዲህ ነው፦ ሱፐርቫይዘሩ፣ ማለትም እኔ፣ ከእያንዳንዱ ቡኮ፣ አንዴ ከተቦካ ሊጥ ማለት ነው፣ አንድ ብስኩት ይቀምሳል፣ ይፈርማል፣ ከዚያ ይታሸጋል። ብስኩቱ ወተትም ቅቤም አለበት። ጾሙ ከገባ ጀምሮ አንድም አልቀመስኩም። ቀለሙን አያለሁ፣ አሸታለሁ፣ ጆሮዬ ሥር ሰብሬ ድምፁን እሰማለሁ፣ እፈርማለሁ። አሥራ አምስት ዓመት ብስኩት ውስጥ ኖሬ ምላስ ምን ያደርግልኛል!

ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ? የማቡኪያዋ ኃላፊ ናካቶ ብቻ ጠረጠረችኝ። በምሳ ሰዓት ለምን አትበላም፣ ታመሃል ወይ አለችኝ። ባሏ ታሞ ከሞተ ወዲህ የከሳ ሰው ስታይ ትደነግጣለች። ጨጓራዬ ነው አልኳት። ሦስት ልጆች አሏት፤ ለኔ መጨነቋ ገረመኝ።

መጋቢት 13፣ እሁድ

አማርኛ ናፍቆኝ ካባላጋላ የሚባለው ሰፈር ሄድኩ። የሐበሻ ምግብ ቤቱ ጢም ብሏል። ክትፎ በክትፎ። ሽሮ ሳዝ አንዱ ነጋዴ አገር ቤት ያሉት ይጾሙልናል፣ አንተ ምን ቤት ነህ አለኝ። ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ታክሲ ውስጥ ሆድ ባሰኝ። ከአልማዝ ጋር የቀረኝ ነገር ይኼ ጾም ብቻ መሆኑን ለነሱ እንዴት ላስረዳ?

መጋቢት 17፣ ሐሙስ፣ 11 ሰ.

ጉድ ፈላ። አዳሪ ት/ቤቱ የላክንለትን ብስኩት በሙሉ መለሰ። ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ልጆቹ እየተፉት ነው ብሎ። የታሸገው ያለፈው ሳምንት ሰኞ ለት፣ መብራት የሄደ ቀን ነው። ናካቶ ሶዳውን ጨምራ ነበር፤ መብራት ሲመለስ የማታው ፈረቃ ያልገባ መስሎት ደገመው። እኔም አሽትቼ ፈረምኩበት፤ አንድ ጊዜ ብቀምስ ኖሮ እዚያው አስቀረው ነበር።

ሚ/ር ራመሽ ፊርማዬን አየና ቀምሰሃል ወይ አለኝ። አዎ አልኩ። አፌ ቀደመኝ። እንግዲያው አለ፣ አንተ የፈረምክበት ደህና ከነበረ ናካቶ ያልተፈረመበትን ቀላቅላ አሳልፋለች ማለት ነው። ዛሬውኑ አባረራት። ስትወጣ የቢሮዬ በር ላይ ቆመች።

«ሴቦ፣ አንተ ታውቃለህ። ንገረው እንጂ።»

ጌታዬ እያለች ነው የምትለምነኝ። ወረቀት የማገላብጥ መሰልኩ።

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ

እህል አልወርድ አለኝ። ይኼ ደግሞ ጾም ነው? ወተት በምላሴ አላለፈም እላለሁ፤ ውሸቱን ግን ሆዴ እስኪሞላ በልቻለሁ። ቱ! የሴትዮዋን ሦስት ልጆች እንጀራ ቀማሁ።

እውነቱን ብናገርስ? የሥራ ፈቃዴ በሚ/ር ራመሽ እጅ ነው። ያባረረኝ ለት ከኡጋንዳም ወጣሁ። አልማዝ የምትኖረው በምልክላት ነው። ፈራሁ፣ ደብተሬ። አንቺ ደግሞ አትመልሺ፣ አትቆጪ። ሰኞ እነግረዋለሁ።

መጋቢት 21፣ ሰኞ፣ 4 ሰ.

ነገርኩት። ቆሜ፣ ሳልቀመጥ። አልጮኸም። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እሱም በሃይማኖቱ ምክንያት ከተወለደ ጀምሮ ሥጋም እንቁላልም ነክቶ አያውቅም፤ ድሮ እንቁላል ያለበትን ብስኩት የሚቀምስለት ወንድሙ እንደነበር ነገረኝ። ለምን አልነገርከኝም፣ ሌላ ቀማሽ እመድብ ነበር አለኝ።

ሰባት ወር አብሬው ስሠራ ስለ ራሴ አንዲት ነገር እንዳልነገርኩት ያኔ ታወቀኝ።

አላባረረኝም። ሄደህ ራስህ አምጣት፤ በሠራተኛው ሁሉ ፊትም የሆነውን ተናገር አለኝ።

በዚያው ቀን፣ 12 ሰ.

ካትዌ ሰፈር፣ ናካቶ ቤት ደረስኩ። ደጅ ላይ ከሰል በቁና እየሰፈረች ትሸጣለች። ሁሉን ነገርኳት፣ መዋሸቴንም ጭምር። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ጎረቤት ሰርቄ የተባረርኩ መስሎት ሌባ ብሎኛል አለች፤ ትልቁ ልጄም ሰምቷል። ይቅርታ አልኩ። ይቅርታህን ለልጄ ንገረው አለችና ጠራችው። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። እናትህ አልሰረቀችም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኩት። ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ መግቢያ አጣሁ።

እመለሳለሁ አለች። ግን አንተ በፈረምክበት ወረቀት ላይ ስሜ ሁለተኛ አይጻፍም። ቁርጥ ያለ ነገር። እውነቷን ነው።

መጋቢት 22፣ ማክሰኞ፣ 7 ሰ.

ጠዋት በሠራተኛው ሁሉ ፊት ተናገርኩ። ከዚያ ሚ/ር ራመሽን ለመንኩት፦ ቀማሽም ፈራሚም ናካቶ ትሁን፤ እኔ ማቡኪያ ልውረድ። ደመወዝህም ይወርዳል አለ። ይውረድ።

6 ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያው ቡኮዬ ከምድጃ ወጣ። ናካቶ አንዱን ሰብራ አፏ ከተተች። ቀስ ብላ አኘከች። ሁሉም ሥራውን ትቶ ያያታል። እስክሪብቶውን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው።

ጨው የለውም፣ አልፈርምም አለች።

ሳቁብኝ። ጨው ያለው አዲስ ቡኮ ላቦካ፣ ዱቄት እንደገና ልመዝን፤ እየጠሩኝ ነው።