ከደንገሉ ውስጥ «አቤት» ያለው

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት እናቴ ለወይዘሮ እናትዓለም፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? የጅማ አየር ተስማማዎት? እኅቴ ብሥራት ከአራስ ቤት በደኅና ወጣች? ሕፃኑስ ጡት በደንብ ይይዛል? እኔም ከናፍቆትዎ በቀር ደኅና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ለእናት አይዋሽም። አካሌ ደኅና ነው፤ ልቤ ነው አልቀመጥ ያለኝ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ምክንያቱን ከታች ያገኙታል። ብሥራት ሆይ፣ ቀስ እያልሽ አንብቢላቸው።

ሐኪሙ ስኳር ሊጀምርሽ ነውና ተንቀሳቀሺ ካለኝ ወዲህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ባለው ትልቅ መናፈሻ በእግር እሄዳለሁ። የምሄደው ከሀኒ ጋር ነው። ሀኒ ቢሮ አብራኝ የምትሠራ የአዳማ ልጅ ናት፤ እዚህ ባሕር ዳር ከእኔ በቀር ሰው የላትም። መናፈሻው መግቢያው ላይ ሙሽራው ፎቶ ሲነሣ፣ ኳሱ ሲራገጥ፣ ብስክሌቱ ሲነዳ ግርግር ነው። የድንጋይ ንጣፉ አልቆ ቀጭኗ የእግር መንገድ ስትጀምር ግን ዋርካውና ዋንዛው ይገጥምና የሰው ድምፅ ቁርጥ ይላል። ዛፍ ላይ የተቀባውን ቢጫ ቀስት እየተከተሉ በሐይቁ ጠርዝ ከሰው ቁመት በላይ የበቀለው ደንገል ድረስ ሄዶ መመለስ ነው። እርስዎ ቢያዩን «ሥራ ያጣ እግር» ብለው በሳቁብን።

ከጥምቀት በፊት ባለው ቅዳሜ አርፍደን ወጣን። ሀኒ ወፍ ፎቶ ላንሣ ብላ ወደ ኋላ ቀረች፤ እኔ ቀደምሁ። ደንገሉ ዘንድ ስደርስ ልክ ስድስት ሰዓት ሆኖ ጥላዬ እግሬ ሥር ገብቷል። ነፋስ የለም፤ ደንገሉ ግን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይወዛወዛል። ያን ጊዜ «ሙሉ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብዞር ሰው የለም። መሸንቲ ሳለን ወንዝ ሲልኩኝ የሚሉኝ ትዝ አለኝ፤ በቀትር ውኃ ዳር ስምሽ ቢጠራ ሦስት ጊዜ ሳይሞላ አቤት እንዳትዪ፣ ሰው ከሆነ ይሠልሳል፣ ሌላው ግን አይሠልስም ይሉኝ ነበር። አፌን በነጠላዬ ይዤ ቆምሁ። ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛውን ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። ኮሌጅ የጨረስሁት ሴትዮ አማትቤ እግሬ አውጪኝ አልሁ።

በሩ ላይ ተቀምጬ ሀኒን ጠበቅኋት። ብደውል ስልኳ አይሠራም። ፎቶ ስታነሣ ጊዜ አታውቅም እያልሁ ራሴን አታለልሁ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ድምፁ የእሷ ሊሆን እንደሚችል ልቤ ነግሮኛል። ብቻዬን መመለሱን ፈራሁ፤ ለጥበቃው ለጋሽ አዘዘ መናገሩን ደግሞ አፈርሁ። የነገርኋቸው በስምንት ሰዓት ነው። አብረን ስንሄድ፣ ወፏን ተከትላ ከመንገዱ ስትወርድ የሐይቁ ዳር ተንዶባት፣ ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ፣ እስከ ወገቧ ጭቃ ውስጥ ገብታ አገኘናት። ስልኳን ውኃ በልቶታል። ጉማሬ የሚወጣበት ቦታ ነው።

ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት አንገቴን አቅፋ አመሰገነችኝ። ሁለት ጊዜ ጠርታኝ «አቤት፣ መጣሁ» ስላልኋት ነው አሉ መጣራቱን የተወችው። ከዚያም እንደ እሷ አባባል፣ ራሷን ልትስት ስትል «አይዞሽ፣ መጣሁ» እያልሁ፣ በዚሁ በድምፄ፣ በዚሁ በጎጃም አነጋገሬ፣ እየቀረብኋት ቆየሁ። ዝም ያልሁት የጋሽ አዘዘ ኮቴ ሲሰማ ነው። አንድ ነገር ብቻ አልገባትም፤ መንገዱ በላይ በኩል ሳለ እኔ በውኃው በኩል መምጣቴ።

እኔ አቤት አላልሁም፣ እናቴ። ትንፍሽ አላልሁም። ሦስተኛው ጥሪ የቀረው ሌላ ስለመለሰላት ነው።

ሦስት ሳምንት ያልሠራሁበትን ምስጋና በላሁ። የአጥንት ሾርባ እያመላለስሁ፣ ቢሮ ውስጥ «ጓደኛ እንደ ሙሉነሽ» ሲባል አንገቴን እየደፋሁ። ባለፈው እሑድ ግን አቃተኝና አልጋዋ ጠርዝ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋት፤ የእርስዎንም ምክር ጭምር። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። አፌን አፌን ስታይ ቆየችና «ታዲያ አሁን የምታናግሪኝስ አንቺ ነሽ?» አለችኝ። ነኝ አልኋት። ነኝ ስል ግን ድምፄ ለራሴም ባዕድ ሆነብኝ። አሁን በሯ ላይ ሄጄ ሦስት ጊዜ ሳልጠራት አትከፍትልኝም። ሰው የለኝም ያለች ልጅ እኔንም አጣች፤ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

እርስዎን አልወቅስዎትም፤ ልጅዎን ለማዳን ነው የመከሩኝ። ሌላ በእኔ ድምፅ አቤት ሲል ምን እንደማደርግ ግን አልነገሩኝም። የንስሐ አባቴ ጠበል ተጠመቂ ብለውኛል፤ እጠመቃለሁ።

የብሥራትን ባል ይትባረክን እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ። ብሥራትን አንገቷን፣ ሕፃኑን ግንባሩን ይሳሙልኝ። ጎረቤትዎን እትዬ ወለተ ሚካኤልን በጸሎት ያስቡኝ ትላለች ይበሏቸው።

ስልኩን የተውሁበት ምክንያት ይኸው። ትናንት ብሥራት «ማክሰኞ ስላናገርሻቸው እናታችን ደስ ብሏቸው ዋሉ» ብላ በስልክ ጽፋ ላከችልኝ። እኔ ማክሰኞ አልደወልሁም። አደራዎን፣ ከእንግዲህ በስልክ ሙሉ ነኝ የሚል ድምፅ ቢሰሙ፣ መሸንቲ ሳለን የነበረችንን የጥቁሯን ላም ስም ይጠይቁት። ስሟን እዚህ አልጽፈውም።

ልጅዎ ሙሉነሽ
ባሕር ዳር፣ የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም.