ፍርሃታቸውን ያዋሱን ተዋናይት

ዛሬ የምንሸኛቸው እናታችን፣ አክስታችንና የእናንተ የአድናቂዎቻቸው ተዋናይት፣ በ1936 ዓ.ም. ሰዓት ሠሪ ከነበሩት አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። ይህን ታሪክ የምጽፈው እኔ የታናሽ እህታቸው ልጅ ነኝ፤ እናቴ በልጅነቴ ስላረፈች ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።

በልጅነታቸው ፈሪ ነበሩ። ይህን የምለው ላሳንሳቸው አይደለም፤ እሳቸውም ደብቀውት አያውቁም። ባቡር አልፎ መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ አልጋ ሥር ይገቡ ነበር። እናታቸው «ይቺ ልጅ የገዛ ጥላዋን ‹ማነህ?› የምትል ናት፤ ማን ያገባታል?» እያሉ ለጎረቤት ይስቁባቸው ነበር። አባታቸው ግን ከተፈታ ሰዓት ላይ ቀና ሳይሉ «ተያት፤ ፍርሃት ማለት ጆሮ ነው። እሷ ከሌላው ቀድማ ትሰማለች፣ በቃ» ይሉ ነበር።

በሰፈሩ ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። የማንበብ ተራ ሲደርሳቸው ድምፃቸው ይርገበገብ ነበር። አንድ ቀን ስለ ጎርፍ የሚያወራ ምንባብ ሲያነቡ፣ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች እግራቸውን አንሥተው ወንበር ላይ ሰቀሉ። የአባታቸው ዓይን ሲደክም ትምህርቱን ትተው በአንድ ሲኒማ ቤት ትኬት ሻጭ ሆኑ። የጥበብ ሕይወታቸው የጀመረውም በዚያች ጠባብ የትኬት ክፍል ነው፤ ያስጀመረቻቸውም አይጥ ናት። አይጧ በእግራቸው ላይ ስታልፍ የጮኹት ጩኸት አዳራሹን ሰንጥቆት፣ ተመልካቹ እሳት የተነሣ መስሎት ግልብጥ ብሎ ወጣ። ከወጡት መካከል አንድ የቲያትር አዘጋጅ ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ ልጅቷን ሊያባርሯት ሲዘጋጁ፣ አዘጋጁ ልብሳቸውን እያራገፉ «ካባረራችኋት ለእኔ ስጡኝ። እኔ ይህን ጩኸት አሥር ዓመት ሙሉ ስፈልገው ነው የኖርኩት» አሉ።

በ1955 ዓ.ም. በቲያትር ቤቱ በቋሚነት ተቀጠሩ። መድረክ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ሁልጊዜ ያስታውካቸው ነበር። የአልባሳት ክፍሏ ሴት ከመጋረጃው ጀርባ ባልዲ አስቀምጠው «ነይ፣ ግብርሽን ክፈዪና ውጪ» ይሏቸው ነበር። እሳቸውም ግብራቸውን ከፍለው፣ አፋቸውን ተጉመጥምጠው፣ እየተንቀጠቀጡ ወጥተው ሕዝቡን ያንቀጠቅጡ ነበር።

በ1960 ዓ.ም. ከመድኃኒት ቤት ባለሙያው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። እኚህ ሰው አንድን ቲያትር ደጋግመው እያዩ ከፊት ወንበር የማይጠፉ ሰው ነበሩ። የጋብቻ ጥያቄያቸውን፣ በቤት እትዬ የምንላቸው አክስቴ ራሳቸው እየሳቁ እንዲህ ሲሉ ይነግሩን ነበር፦ «አንቺ ስትፈሪ አዳራሹ በሙሉ ሊያድንሽ ይነሣል። ሌላው ሳይቀድመኝ ልነሣ ብዬ ነው፣ አለኝ።» ከዚህ ትዳር አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

«የኪራይ ሙሽራ» በተባለው ፊልም ላይ ያሳቁን፣ «ሁለተኛዋ እህት» ላይ ያስለቀሱን እሳቸው ናቸው። ሆኖም ስማቸውን ተክሎት የቀረው በ1966 ዓ.ም. የተሠራው «አንኳኪው» መሆኑን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በፍርድ ቤት በነፍሰ ገዳይ ላይ የመሰከረች እናት፣ ሰውየው ከእስር ማምለጡን ሰምታ ከሁለት ልጆቿ ጋር ቤቷን ዘግታ ትቀመጣለች። ገዳዩ ፊቱ አይታይም። የሚታየው ከበሩ ሥር የሚያልፈው ጥላው ነው፤ የሚሰማው ሦስት ጊዜ ማንኳኳቱ ነው። ያኔ እትዬ ልጆቹን በክንዳቸው ሰብስበው «በሩን አትክፈቱ!» ይላሉ። ይህችን ቃል ያልተናገረ ልጅ፣ በዚህች ቃል ያልተሸበረ አዋቂ በዘመኑ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የአድናቂው ሰላምታ ተለወጠ። በታክሲ ሲሄዱ ሹፌሩ ዳሽቦርዱን፣ ዳቦ ሊገዙ ሲገቡ ሻጩ ባንኮኒውን፣ ባንክ ሲሄዱ ገንዘብ ከፋይዋ መስታወቱን ሦስት ጊዜ ቆርቆር ያደርጋሉ። ሰልፈኛው በአንድ ድምፅ «በሩን አትክፈቱ!» ይላል። እሳቸው ክው ይላሉ፣ ቀጥሎም ይስቃሉ። ሰው ክው ማለታቸውን ትወና ይመስለው ነበር። ሳቁ ትወና፣ ድንጋጤው እውነት እንደነበር የምናውቀው የቤት ሰዎች ብቻ ነን። ባለቤታቸው ተቆጥተው «ተዉ በያቸው እንጂ!» ሲሏቸው «በፍቅር የሚያንኳኳን ሰው ምን ልበለው? ሂድልኝ ልበለው?» ይሉ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ከመድረክ ተሰናበቱ። በ2003 ዓ.ም. ባለቤታቸውን በሞት ተነጠቁ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የመርሳት ሕመም ያዛቸው። በመጀመሪያ መነጽራቸውን፣ ከዚያ የምድጃውን እሳት፣ ከዚያ የእኛን ፊት መርሳት ጀመሩ። ጭርሱን ያልረሱት አንድ ነገር ያ ፊልም ነበር። ፊልምነቱን ግን ረሱት።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወንበር ጎትተው በሩ ላይ ይደግፉ ነበር። የልጅ ልጆቻቸውን አፍ በመዳፋቸው ከድነው «እሽ… መጥቷል፤ ትንፋሻችሁን ዋጡ» ይሉ ነበር። ደወሉን ከግድግዳው ነቀልነው። የመታጠቢያ ቤቱን በር አውልቀን በመጋረጃ ተካነው። ዕቃ ስናስቀምጥ እንኳ ድምፅ እንዳያሰማ ከሥሩ ጨርቅ እናነጥፍ ነበር። ሁልጊዜ ከሚያዳምጥ ሰው ጋር ሲኖሩ ራስም ማዳመጥ ይጀምራል። ልጃቸው ድስት እያጠበች በድንገት እጇን ውኃው ውስጥ እንዳደረገች ቀጥ ትልና «ሰማሽ?» ትለኛለች። ምንም የለም። ሁለታችንም ግን በሩን እናያለን።

በ2010 ዓ.ም. አድናቂዎቻቸው በሲኒማ አዳራሽ የምስጋና ዝግጅት አሰናዱላቸው። ሰብሳቢው አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። እኛም የሕዝቡ ፍቅር ያነቃቸዋል ብለን ተስማማን። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። እትዬ በፊተኛው ረድፍ አበባ ታቅፈው ደስ ብሏቸው ተቀመጡ። መብራቱ ጠፍቶ ፊልሙ ሲጀምር «ይቺ ቆንጆ ማናት?» ብለው በጆሮዬ ጠየቁኝ። ጥላው ከበሩ ሥር ሲያልፍ ግን ተመልካቹ የሚጠብቀው ሰዓት ደርሶ ነበርና፣ የአዳራሹ ሰው በሙሉ የወንበሩን እጀታ ሦስት ጊዜ መታ። ከዚያ በአንድ ድምፅ፣ በፍቅር፣ «በሩን አትክፈቱ!» አለ።

ወደ ጎኔ ስዞር ወንበሩ ባዶ ነበር። አበባው ተረጋግጧል። እትዬ ከወንበሩ ሥር ገብተው፣ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ ዓይናቸው ብቻ ይታይ ነበር። እኔን አላወቁኝም። ልጎትታቸው እጄን ስዘረጋ ነከሱኝ። ሕዝቡ ቆሞ ሲያጨበጭብ ጭብጨባው ለእሳቸው በሺ እጅ ማንኳኳት ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ እህል በአፋቸው አልዞር አለ። ሐኪሙ ሰውነታቸው በዚህ ከቀጠለ እንደማይችል ነገሩን። እኛም ይድናሉ ብለን ማሰብ ከተውን ቆይተናል። የቀረን ጭንቀት አንድ ብቻ ነበር፤ እየፈሩ እንዳይሞቱብን።

ሹፌሩ በሳምንቱ መጡ። ደጃፉ ላይ ቆመው ለማንኳኳት እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸው፣ ጎረቤት አይቷቸው ነው የነገረን። «እኛ ነን የገደልናቸው?» ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። የእትዬ ልጅም «ካዘኑልን በዚያ ፊልም የሠራ በሕይወት ያለ ሰው ይፈልጉልን፤ እኛ ያልነው አይገባቸውም» አለቻቸው። ሹፌሩ ከተማውን አስሰው አንድ ሽማግሌ ይዘው መጡ። እኚህ ሰው ስማቸው በፊልሙ ላይ የተጻፈው በአናጺነት ነው። በሩን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ገዳዩ ስለማይታይ ያንኳኩትም እሳቸው ነበሩ።

አናጺው የነገሩን ይህ ነው። የፊልሙ አዘጋጅ ማንኳኳቱ መቼ እንደሚመጣ ለእትዬ አስቀድመው አይነግሯቸውም ነበር። ቀረጻው ከቆመም በኋላ መንቀጥቀጡ ስለማይለቃቸው፣ አናጺው በሩን ከፈት አድርገው ጭንቅላታቸውን በማስገባት ማንነታቸውን ያሳዩአቸው ነበር። «እንግዲህ ልጆቼ፣» አሉን፣ «የምትፈራው እኔን ነው። እናንተ አይዞሽ ብትሏት ምን ያደርግላታል? ያንኳኳው ሰው ፊቱን ማሳየት አለበት።» የእትዬ ልጅ «አባባ፣ በሞቴ አያንኳኩ! ልባቸው ቀጥ ትላለች» ብላ እጃቸውን ያዘች። አናጺው እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቅቀው ወጡና በሩን ከኋላቸው ዘጉ።

ሦስቱን ማንኳኳት ስንሰማ፣ ፊልሙን በልጅነቴ ካየሁበት ጊዜ የበለጠ ፈራሁ። እትዬ እኔንና ልጃቸውን በዚያ በቀጨጨ ክንዳቸው ሰብስበው፣ ከየት እንዳመጡት በማላውቀው ጉልበት ቃሉን ጮኹ። በሩ ተከፈተ። ራሰ በራ ጭንቅላት ብቅ አለ።

«እኔ ነኝ፣ አናጺው ነኝ። አለቀ።»

እትዬ አፍጥጠው አዩአቸው። እስትንፋሳቸው የቆመ መሰለን። ከዚያ «አንተ ቀልብ የለሽ!» አሉ። «ልቤን ነቅለህ ወስደህ እንደገና ‹አለቀ› ትለኛለህ? ፀጉርህን ምን በላው?»

«አይጥ» አሉ አናጺው።

እትዬ ሳቁ። ያለ ትወና። «ደህና ወጣ ወይ?» ብለው ጠየቁ። አናጺውም «ጥሩ ወጥቷል፣ ሁለተኛ አንደግመውም፤ በይ ብዪ» አሏቸው። በላ በላ አደረጉ።

ለዘለዓለም አልተፈወሱም፤ በሬሳቸው ፊት ልዋሽ አልፈልግም። ፍርሃቱ ይመለስ ነበር። አናጺውም በከዘራ እየተደገፉ ይመለሱ ነበር። አናጺው ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው፣ እኔ በሩን ከፍቼ «እኔ ነኝ፣ አለቀ» ብዬ ሞከርኩ። እትዬ ገላመጡኝና «አንቺን ማን ቀጠረሽ?» አሉኝ። ያኔ ሹፌሩ ለአድናቂው ሁሉ አስነገሩ። ወደ እሳቸው የሚመጣ ሰው ማንኳኳት ትቶ፣ ከደጅ ጀምሮ ማንነቱን እየተናገረ እንዲገባ ሆነ። «እኔ ነኝ፣ ወተት አምጪዋ።» «እኔ ነኝ፣ ቧንቧ ሠሪው።» አንዳንድ ቀን ሠራ፤ አንዳንድ ቀን አልሠራም። ያንኳኳ ሰው ግን ዳግመኛ አልመጣም።

በዚህ ወር መጀመሪያ የሳንባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል ገቡ። ነርሶቹም ልማዱን ተቀብለው በር ላይ «እኔ ነኝ» እያሉ ይገቡ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ በመተላለፊያው የሚገፋ የዕቃ ጋሪ በሩን ገጨው። እትዬ ዓይናቸውን ገልጠው እጄን ጨመደዱ። ልጃቸው ከደጅ እየሮጠች «እኔ ነኝ እማዬ!» አለች። ጣቶቻቸው ላሉ። ጥቂት ቆይተው በሰባ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ልጃቸውን ሰምተዋት ይሁን፣ ወይስ ጉልበታቸው አልቆ፣ እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ።

ዛሬ ከፊታችሁ ያለውን ሳጥን አናጺው ተቀምጠው እያዘዙ አሠሩት። ክዳኑ የሚዘጋበት ሰዓት ሲደርስ ሠራተኛው መዶሻ አነሣ። አናጺው «አስቀምጥ!» ብለው ጮኹበት። የደከመ እጃቸውን ይዘንላቸው ክዳኑን በካቻቢቴ፣ ብሎን በብሎን፣ ቀስ ብለው ጠምዝዘው ዘጉት። አንድም ሚስማር አልተመታበትም። ስለዚህ እናንተ የምትወዷቸው፣ ስንብታችሁን በማንኳኳት አታሰሙ። መዳፋችሁን እንጨቱ ላይ ዘርግታችሁ አሳርፉ። ማን እንደሆናችሁም በለሆሳስ ንገሯቸው።

ተዋናይት እናታችን የሁለት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ፤ እኔንም የእህታቸውን ልጅ እንደ ሦስተኛ ልጃቸው አሳድገዋል። ቆመው ከሚያለቅሱት ጋር፣ በተሽከርካሪ ወንበር የመጡት የሥራ ባልደረባቸው አናጺውም ከቤተሰቡ ተርታ ናቸው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሲቀበል በድንገት አይሁን። አስቀድሞ ድምፁን ያሰማቸው፤ ፊቱንም ያሳያቸው፤ ከዚያ ያሳርፍልን። አሜን።