ስምንተኛው ሐረግ ሳይመጣ ድስቱ አይጣድም

ይህን ኑዛዜ የሚያነብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ይረዳልኝ፦ በመኪና ማቆሚያዬ ውስጥ ያለው ትልቁ የብረት ድስት የእኔ አይደለም። ስለዚህ ለማንም ላወርሰው አልችልም፤ ማንም ወራሽ ነኝ ብሎ ሊጠይቀው አይችልም። በኤልምግሮቭ ኮሌጅ ተማሪዎች በአንድ ቤት አብረው የሚኖሩበት የታው ዜታ ሮ ወንድማማቾች ማኅበር ንብረት ነው። የማኅበሩ ቤት ተዘግቶ በነበረበት ዘመን በአደራ አስቀመጥሁት፤ አሁን ቤቱ ተከፍቷል። ተከፍቷል! ይህን ቃል ጠበቃዬ ሁለት ጊዜ የጻፈችው እኔ አዝዣት ነው እንጂ ተሳስታ አይደለም።

እኔ ሜርል ኪስትነር፣ በኦሃዮ ግዛት የማርሎ ከተማ ነዋሪ፣ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር የነበርሁ፣ ዛሬ ቅዳሜ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2023፣ ከቁርስ በኋላ፣ በገዛ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ዙሪያ ምስክሮች ተቀምጠው እየሰሙኝ ይህን ቃል እሰጣለሁ። ልቤ ደክሟል፤ አእምሮዬ ግን አልደከመም። የሚጠራጠር ካለ የንጥረ ነገሮችን ሠንጠረዥ ከላይ እስከ ታች በቃሌ ልውረደው ብዬ ነበር፤ ቃሌን የምትጽፈው ጠበቃዬና የቀድሞ ተማሪዬ ግዌን ሃርገት፣ "አያስፈልግም መምህር፣ አሥረኛ ክፍል እያለሁ ጠግቤዋለሁ" አለች። ያስገደደኝ የለም። ልጄ ኮኒ ወራሽ ስለሆነች ከጠረጴዛው ርቃ ሳሎን እንድትቀመጥ አድርጌአለሁ። በሩ ግን ክፍት ነው።

የሰው ገንዘብ የለብኝም። ከጎረቤቴ ከሎሬታ ፒክ የተዋስሁት መሰላል ከጓሮ አለ፤ ይመለስላት። ለሎሬታ ከዚህ የበለጠ ይገባት ነበር፤ ነገር ግን ምስክር የሆነ ሰው አይወርስም። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብላት ምስክርነቱን መረጠች። "ወሬውን ከምንጩ ልስማው" ነው ያለችው።

መኖሪያ ቤቴን ከነሙሉ ዕቃው ለልጄ ለኮኒ ሰጥቻለሁ። ልጄ ስለሆነች ብቻ አይደለም። እናቷ ካረፈች ወዲህ በየእሑዱ ከዴይተን እየነዳች መጥታ፣ የምታበስለውን ምግብ ጨው አነሰው እያልሁ ሳማርር ዝም ብላ የሰማች ሰው ይህ ቤት ይገባታል። መጻሕፍቴ ለትምህርት ቤቱ ይሰጡ፤ በኅዳጋቸው የጻፍሁት እርማት እንዳይፋቅ።

ቡዊክ መኪናዬን ለኮኒ አልሰጥም፤ ትፈጥናለች። ከሳሎን፣ "አባዬ፣ እሰማለሁ እኮ!" አለች። እንድትሰማ ነው። መኪናውን ለማኅበሩ ልጆች ሰጥቻለሁ፤ ለአንድ ሥራ ብቻ። መሪ መጨበጥ ያቃታቸውን የቀድሞ ወንድሞች ከየቤታቸው እያመጡ ይመልሱበት። ወደ መጠጥ ቤት ሲነዱት ከተገኙ ኮኒ ትንጠቃቸውና እንደ ልቧ ትፍጠንበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። ግዌን፣ "ቀስ ይበሉ መምህር፣ ፊትዎ ቀላ" አለችኝ። የደስታ ነው፤ ጻፊ።

ባለፈው መጋቢት ከኮሌጁ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ታው ዜታ ሮ ከተዘጋበት እንደገና ሊከፈት መሆኑን ይገልጻል፤ ከዚያም ለጣራ ማሳደሻ ያዋጡ ይላል። "ውድ የቀድሞ አባል" ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ስም እንኳ የለውም። በቀይ እስክሪብቶ አርሜ፣ ውጤቱን ከላይ፣ አንዲት ጥያቄ ከታች ጽፌ መለስሁላቸው። በሳምንቱ ስልክ ተደወለ።

"አቶ ኪስትነር ናቸው? ተሬል ኦክስ እባላለሁ ጌታዬ፣ ከታው ዜታ ሮ። ደብዳቤያችንን አርመው ልከውልን..."

"ስንት ሰጠኋችሁ?"

"ዲ ማይነስ፣ ጌታዬ።"

"አዝኜላችሁ ነው። ደግሞ ጌታዬ አትበለኝ። በቤታችን ትልቁም ትንሹም አንተ ነው የሚባባለው። ወንድም ሜርል በለኝ።"

"እሺ ጌታዬ። ማለቴ... ወንድም ሜርል። ከታች 'ድስቱስ?' ብለህ ጽፈሃል። የምን ድስት?"

የምን ድስት! ከወንበሬ ተነሥቼ የጮኽሁትን ሎሬታ ከአጥር ማዶ ሰምታ ወደቀ ብላ ሮጣ መጣች። እኔ ግን ለዚያ ልጅ በስልክ እያስተማርሁ ነበር፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ አጥብቆ የጠየቀኝ ተማሪ አላጋጠመኝም።

ያስተማርሁት ይህን ነው። በቤታችን አዲስ የሚገባውን ሁሉ አንድ ነባር ታናሽ ወንድሜ ብሎ ይመርጠዋል፤ ያም በተራው ሌላውን ይመርጣል። እንዲህ እየተሳበ የወረደው ሐረግ ይባላል። ሐረጎቹ ስምንት ናቸው። በየዓመቱ በኦክቶበር ወር፣ የቀድሞ ተማሪዎች ሁሉ ወደ ኮሌጁ በሚመለሱበት ቅዳሜ፣ በግቢው ውስጥ ትልቁ ድስት ይጣዳል፤ ቺሊ የምንለው የሥጋና የቦሎቄ ወጥ ይሠራበታል። የአሠራሩን ምሥጢር ግን ሙሉውን የሚያውቅ ሰው ኖሮ አያውቅም። እያንዳንዱ ሐረግ አንዷን ክፍል ብቻ ይዟል፤ ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ ፊት ለፊት፣ ከአፍ ወደ ጆሮ። በወረቀት አይጻፍም፣ በስልክ አይነገርም። አንዱ ሐረግ ድርሻውን ሲጨምር የቀሩት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

የማማሰያው ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። በሌሎች ማኅበራት አዲስ ገቢን መቀመጫውን ይመቱበት የነበረው ሰፊ ጣውላ በእኛ ቤት ድስት ማማሰያ ነው። የሰው ገላ የነካ ጣውላ በዚያው ቀን ይነድዳል። መጀመሪያ የሚያማስለውም በሕይወት ካሉት በዕድሜ የሚበልጠው ነው።

ተሬል ሰማኝና፣ "እኛ እኮ ከኢንተርኔት አውጥተን ልንሠራ ነበር" አለ። በሕግ ወረቀት ላይ የማይጻፍ ቃል መለስሁለት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሙ። እነዚያ ልጆች ክረምቱን ሙሉ በየአገሩ ዞሩ! አንዱ እስከ ቴነሲ ነዳ። አንዱ በመጦሪያ ቤት ያለ ወንድማችን ዘንድ ሄደ፤ ያ ወንድም የሚስቱን ስም እንኳ ዘንግቷል። ልጁ ጎንበስ ብሎ፣ "ታናሽ ወንድምህ ነኝ፣ ለድስቱ መጣሁ" ቢለው ቀና ብሎ የልጁን ጆሮ ጎተተና ሳይደነቃቀፍ ነገረው። የእኔን ክፍል ባለፈው እሑድ ለተሬል በጆሮው ነግሬዋለሁ፤ ስለዚህ በዚህ ኑዛዜ የምናዘዘው አይደለም። ሎሬታ በዚያ ሰዓት በመስኮቱ ሥር ጽጌረዳ ታጠጣ ነበር። "ጽጌረዳው ደርቆ ነው" ብላለች፤ ይጻፍላት።

በዚህ ዓይነት ሰባቱ ሐረጎች ተገኙ። የቀረው አንድ ነው፤ በእጁ የያዘውም ኦርቪል ስታውፈር ነው። ከእርሱ በታች የነበሩት ታናናሾቹ ሁሉ ሞተዋል። ኦርቪል ካልተናገረ ክፍሉ አብሮት መሬት ይገባል።

ኦርቪልና እኔ በአንድ ክፍል አድረናል፣ በአንድ መላጫ ተላጭተናል፣ በሠርጉ ሚዜው ነበርሁ። በ1981 ሚስቱ ዶሪስ በዋናው መንገድ ላይ ምግብ ቤት ከፈተች። ቺሊዋን አዘዝሁ። አንድ ጊዜ ጎርሼ ማንኪያውን አስቀመጥሁ። በቤታችን ድስት ውስጥ ብቻ የማውቀው፣ ከየት እንደሚመጣ ያልገባኝ አንድ ጣዕም እዚያ ሳህን ውስጥ ብቻውን ቆሞ ነበር። በዓመታዊው ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ "ኦርቪል፣ አደራ በሳህን ይቸረቸራል እንዴ?" አልሁት።

"የቸረቸርኩት የራሴን ድርሻ ነው" አለኝ። "ያንተንማ ማን ይገዛዋል፣ ጨው!"

አዳራሹ በሣቅ ተናጋ። ጨው ነው አይደለም ብዬ ልመልስ አልቻልሁም፤ ብመልስ ምሥጢር ማውጣት ይሆናል። ዋጥ አድርጌ ተቀመጥሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተነጋገርንም። ዶሪስ ስትሞት በቤተ ክርስቲያኑ የኋላ ወንበር ተቀምጬ ወጣሁ። በነገሩ ትክክለኛው እኔ እንደነበርሁ ዛሬም አምናለሁ፤ ሃሳቤን አልለወጥሁም። ነገር ግን ትክክል መሆን ድስት አያፈላም።

ባለፈው እሑድ ተሬል እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

"ወንድም ሜርል፣ የዶሪስን ወጥ ቀምሰኸዋል። የኬሚስትሪ መምህር ነህ። ምን እንደሆነ ደርሰህበታል አይደል?"

"ደርሼበታለሁ።"

"ታዲያ ንገረና! ሽማግሌው እንደሆነ እንኳን ሊመጣ ስልክም አያነሳ። ማን ያውቅብናል?"

"የእኔ አይደለም።"

"ወጡ እኮ ያው ነው የሚሆነው!"

"ወጥ ከሆነ የቸገራችሁ ከሱቅ በቆርቆሮ ገዝታችሁ አሙቁ" አልሁት። "መሥራቾቹ ምሥጢሩን ስምንት ቦታ የከፈሉት እንዲጣፍጥ ብለው አይደለም። ማንም ማንንም ሳይፈልግ እንዳያበስል ነው። እናንተስ ቴነሲ ድረስ የነዳችሁት ለምን ሆነና?"

 ልጁ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። "እሺ። እስኪያነሳ እደውላለሁ።"

ማክሰኞ አነሣ! የተነጋገሩትን ተሬል እንዳለ ነግሮኛል።

"ማነው?"

"ወንድም ኦርቪል፣ ከታው ዜታ ሮ ነው። ድስቱ ሊጣድ ነው፣ ያንተ ብቻ ነው የቀረው።"

"ሜርል አልሞተም እንዴ?"

"አልሞተም።"

"እንግዲያው እኔን ምን ያጣድፈኛል!" ብሎ ዘጋው።

ልጁ አዝኖ ነው የደወለልኝ። እኔ ግን ወጥ ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞርሁት። በማግስቱ ልቤን የምትከታተለው ነርስ የደም ግፊቴን ለክታ ምን ገጠመህ ብትለኝ፣ "ኦርቪል ጠየቀኝ" አልኋት። ስሜን ጠራ! ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ድስቱን ሰምቶ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ እኔ ነው። የኦርቪልን ስድብ ከሌላው የሚለይ ሰው ከእኔ በቀር የለም፤ ያ ስድብ ሊመጣ ያሰበ ሰው ስድብ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ተናዝዣለሁ። ማማሰያውን መጀመሪያ የመያዝ ተራ፣ ከኦርቪል በጥቂት ሳምንት ስለምበልጥ የእኔ ነው። ይህን ተራ ለኦርቪል ስታውፈር ሰጥቻለሁ፤ ስሞት ሳይሆን ከዛሬ ጀምሮ። ግዌን፣ "መምህር፣ ኑዛዜ ከሞት በኋላ ነው የሚጸናው፣ እንዲህ አይደረግም" አለች። ተደርጓል ብለሽ ጻፊ አልኋት። የዚህም ጽሑፍ አንድ ቅጂ ዛሬውኑ በቡዊኩ ተጭኖ ይሂድለት፤ ተሬል ይነዳል፤ ኮኒ ከጎኑ ተቀምጣ ቶሎ ድረስ ትበለው።

ለማኅበሩ ልጆች የምሰጠው ምክር አጭር ነው። በሰባት ሐረግ እንዳታበስሉ። ኦርቪል ካልመጣ ድስቱን አጥባችሁ ገልብጡት፤ ለሚመጣው ዓመትም ጠብቁት። የሞተ ወንድም ሲኖር ለሚስቱ ደውሉ። ያልሞተውንም ገንዘብ ሳትጠይቁ ደውሉለት፤ ስሙን ጥሩት እንጂ "ውድ የቀድሞ አባል" አትበሉት። እኔ ስቀበር አበባ አያስፈልግም፤ የሚመጣው ሁሉ ከተጣላው ሰው ጋር በአንድ መኪና ይምጣ።

ይህ ቃሌ ተነብቦልኝ፣ ሁለት ቦታ ነጥብ አስተካክዬ፣ ፈርሜበታለሁ።

ተናዛዥ፦ ሜርል ኪስትነር

ምስክር፦ ሎሬታ ፒክ፣ ጎረቤት። "ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ የድስቱን ምሥጢር ግን አልሰማሁም።"

ምስክር፦ ሬይ ዶብሰን፣ የሠፈሩ ፖስተኛ። "ተናዛዡ ሙሉ አእምሮ እንዳለው እመሰክራለሁ፤ ዛሬም የፖስታ ላይ አድራሻ አርሞብኛል።"

ጸሐፊ፦ ግዌን ሃርገት፣ ጠበቃ

ከፊርማው በታች፣ በገዛ እጄ የጨመርሁት፦

ኦርቪል፣ ታናሽ ወንድም የሚሆንህ ልጅ ተመርጧል፤ ከቡዊኩ የኋላ ወንበር ተቀምጧል። ጆሮው ትልልቅ ነው፤ ትወደዋለህ። የመመለሻው ቅዳሜ ኦክቶበር 14 ነው። ሐኪሜ እስከዚያ ትደርሳለህ ብሎ አልማለልኝም፤ እኔ ግን ወንበሬን ከግድግዳው አጠገብ አስይዤአለሁ። ድርሻህን ስትጨምር ፊቴን አዞራለሁ፤ አላጮልቅም። መልስህን በዚህ ሳምንት ስጠኝ፤ እሺም ሆነ እምቢ ራስህ ደውል። የስልክ ቁጥሬን ምናልባት ትደውል ይሆናል ብዬ በዚህ ሁሉ ዘመን አልለወጥሁትም። ያው የድሮው ነው። አጠገቡ ተቀምጫለሁ፤ ቶሎ ደውል።