ከሶምሶማ በፊት

ታኅሣሥ 8፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ሶምሶማው አለቀ። ከ7ኛ «ሀ» ጋር ሜዳውን ዞርን፤ እኔ ዝግ ብዬ ከኋላ። ካረገዝሁ ስድስተኛ ወሬ ነው፤ ተማሪዎቼ ሆዴን ለምደውታል። የሽንፋ በረሃ ፀሐይ ግን አይለመድም። ስመለስ አማቴ እማማ ጥሩነሽ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የስፖርት መምህርነት ለነፍሰ ጡር አይሆንም፣ ልጁን እየናጥሽው ነው አሉ። ሰማሁ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የለም፤ የነቢያት ጾም ነው።

ታኅሣሥ 10፣ ከሰዓት

ጤ/ጣቢያ ሄድሁ። ኪሎዬ ካለፈው ወር ፈቅ አላለም። ነርሷ ሆዴን በሜትር ለካች። ልጁ አነስ ብሏል አለች። ምግብ ጨምሪ፣ ስፖርት ቀንሺ። እጾማለሁ ስላት ካርዴ ላይ መጻፏን ቀጠለች፤ እሷም ጿሚ ናት። ማስታወሻዬ፣ ለአንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ፤ ፈርቻለሁ።

ታኅሣሥ 11

ባለቤቴ ደሳለኝ ከአብደራፊ ደወለ፤ እዚያ ትራክተር ይነዳል። እናቴን ስሚያት፣ ሩጫውን ተዪው አለኝ። ትራክተርህን ያለ ናፍጣ ታስነሣለህ ወይ አልሁት። ሳቀ። አልገባውም።

ክፍል ውስጥ የማስተምረው እኮ ይኸው ነው። የሚንቀሳቀስ ገላ ኃይሉን ከምግብ ያገኛል፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ ከልጇ ጋር ትካፈላለች። ሁሉም እግሬን ይወቅሳል፤ ባዶ ሆዴን የሚያነሣ የለም። እንዳልጾም የንስሐ አባቴ ፈቅደውልኛል። ግን በአማቴ ቤት፣ በጠዋት፣ እሳቸው እያዩ ልበላ? አፈርሁ።

ታኅሣሥ 14፣ 4 ሰዓት

ሜዳ ላይ ዓይኔ ጨለመ። ቁጭ አልሁ፤ የጫማ ክር የማስር መሰልሁ። ማንም አላወቀብኝ። ቆይቶ ልጁ ረገጠኝ። ተመስገን።

ያው ቀን፣ አመሻሽ

ጓሮ ካለው የሣር ዳስ፣ ከራኩባው ሥር ከአማቴ ጋር ማሽላ እየለቀምን ሜዳ ላይ የሆንሁትን ነገርኋቸው። የእማማ ጥሩነሽ እጅ ቆመ። የመጀመሪያ ልጃቸው ሰሊጥ ሲያርሙ ወርዶባቸዋል፤ ዛሬ ገና ነገሩኝ። ደሳለኝ እንኳ ነግሮኝ አያውቅም። ስሮጥ ሲያዩ የሚበረግጉት ለካ ለዚህ ነው። ያን ቀን ምን በልተው ነበር አልኋቸው፣ ቀስ ብዬ።

ከማሽላው አንድ እፍኝ ዘገኑ። «ፍልሰታ ነበር እኮ» አሉ።

ማሽላውን ለቅመን ጨረስን።

ታኅሣሥ 15፣ ጠዋት 12፡30

ሳልነሣ እሳት ተያይዟል። የማሽላ ገንፎ፣ በሰሊጥ ዘይት። የጾም ምግብ ነው፣ የተሻረው ሰዓቱ ብቻ ነው። እስክጨርስ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። እሳቸው አልቀመሱም። አለቀስሁ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ወስኛለሁ። እስክገላገል ጠዋት ጠዋት እበላለሁ፣ ከዚያ እራመዳለሁ። ሩጫው ይቆየኝ። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በትራቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ሜዳው ድረስ አብረን ነው የምንሄደው ብለዋል። እየጠሩኝ ነው፣ ጫማዬን ላድርግ።