ብረት የሌለው ማግኔት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ልጄ ሂሩት ነገ ዩኒቨርሲቲ ጥናቷን ታቀርባለች፤ እንድመጣላት ለመነችኝ። ጋላክሲ የሚሏቸው የከዋክብት ከተሞች በተሰበሰቡበት መሀል፣ ከአንዳቸውም ያልወጣ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ተበትኗል አለች። እዚያ የማግኔት ኃይል መኖሩ የሚታወቀው በሱ ነው አሉ።

«ብረት በሌለበት የምን ማግኔት ነው?» አልኳት። ቃሊቲ ብረት ፋብሪካ ያረጀሁ ሰው ነኝ።

«ከየት እንደመጣ ገና አይታወቅም፣ አባዬ። እኔም እሱን ነው የምፈልገው።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ አይታወቅም?» ብዬ ሳቅሁባት። ምሳዋን ሳትጨርስ ወጣች።

እናቷ ብትኖር ዛሬ አትምረኝም ነበር። ሂሩት ከወጣች ወዲህ ስነሳ ስቀመጥ ዋልኩ። አልደወልኩም፤ አባት ቀድሞ አይደውልም። ኮቴን ግን ከሳጥን አውጥቼ ምስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ። እሄዳለሁ አላልኩም።