በለቅሶ ቤት ጉዳይ አይነሳም

ሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1957

ጠዋት ጭጋጉ ከዳሞት ተራራ ወርዶ እስከ ገበያው ሞልቶት ነበር። ከቀትር በኋላ ፀሐይ። ቤት ውስጥ እኔ፣ ልጄ አስቴር፣ የቀሚስ እጅጌ ለማስጠበብ የመጡት ጎረቤታችን እትዬ በለጡ።

ደብዳቤው መጣ። ከአሜሪካ። አስቴር ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትመለስ ፖስታ ቤት ገብታ ተቀብላዋለች። መንገድ ላይ አንብባ ጨርሳው ነው የገባችው።

ቁጭ ብላ እንግሊዝኛውን በአማርኛ ነገረችን። የጻፉት መምህር የሙዝ በሽታ የሚያጠኑ ሰው ናቸው። ስለ እሷ የኮሌጅ አስተማሪዋ ጽፈውላቸው ነበር። እንሰት የሚባለውን የሙዝ ዘመድ ያወቅሁት እዚህ ከሚማር የአገራችሁ ልጅ ነው ይላሉ። ምን ማጥናት እንደምትፈልጊ፣ ከእኔ ጋር መሥራት ትፈልጊ እንደሆነ በአንድ ገጽ ጻፊልኝ፤ ማመልከቻው ጥር ላይ ቢገባም እኔ ተማሪዬን የምመርጠው ከዚያ በፊት ነው፤ ያለኝም የአንድ ሰው ቦታ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ፦ መልሴ የዘገየው እናቴ ስለሞተች ነው፣ የቀበርናት ባለፈው ሳምንት ነው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።

እንዳስረዳችኝ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ መጀመሪያ የሚፈለገው መምህሩ ነው። እሱ እሺ ካላለ ማመልከቻ ብቻውን አይረባም። እንደ ጋብቻ ነው ማለት ነው። ሽማግሌ ሳይላክ ድግስ የለም።

አሁኑኑ ልጻፍ ብላ ወረቀት አወጣች። እኔ ነኝ የከለከልኳት። የእናቱ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ ሰው እንዴት ጉዳይ ይነገረዋል?

«እማዬ፣ ጻፊ ያሉት እሳቸው ናቸው።»

«ሐዘንተኛ ለሁሉም እሺ ይላል» አልኳት።

እትዬ በለጡ ከእኔ ጋር ሆኑ። አርባው ሳይወጣ ነውር ነው አሉ። ከዚያ ደግሞ ሳቁብን። «ለነገሩ እናንተ የሚሲዮን ሰዎች አርባ አታወጡም። ፈረንጁን ማን ያውቃል።»

አስቴር ፈረንጅ ቀብሮ በሦስተኛው ቀን ሥራ ይገባል አለች። አላመንኳትም። የሞተችው እናት አይደለችም እንዴ?


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 10

ደመና። ዝናብ የለም።

የባሳን ለቅሶ ሳስብ ዋልኩ። ባሌ ሲሞት አስቴር ገና ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳለ ከጉኑኖ የመጣ አንድ ሰው አጠገቤ ቁጢጥ አለና፣ ባሳ ሊሸጥልኝ ያሰበው በሬ አሁንስ እንዴት ይሆናል አለኝ። ውሰድ አልኩት። በሬው ሄደ። ያን ሰው ግን እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ሳየው መንገድ እቀይራለሁ። ልጄ ለሌላ ሰው እንደዚያ ሰውዬ እንድትሆን አልፈልግም።

አስቴር የሐዘን ደብዳቤ ብቻ ለመጻፍ ተስማማች። መጨረሻው ላይ «ስለ ትምህርቱ በኋላ እጽፋለሁ» የምትል አንዲት መስመር ላስገባ ብላ ለመነችኝ። ጉዳይ አለኝ ማለትም ጉዳይ ማንሳት ነው አልኳት። ማመልከቻው ጥር ነው፣ ጊዜ አለን አልኳት። ዝም አለች። ልጅቷ በዚህ እኔን ትመስላለች። ዝም አይነቅዝም እያልኩ ያሳደግኳት እኔው ነኝ።

እኔም አንድ ቃል ጨመርኩበት፦ እናቱ የሞተችበት ሰው፣ ሽማግሌ ቢሆንም ያን ቀን ልጅ ነው። አስቴር ይሄ በእንግሊዝኛም ያምራል አለች።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 11

ደብዳቤው ሄደ። የፖስታ ቤቱ አቶ ታፈሰ ምን ተጻፈ ብለው ጠየቁን። ለቅሶ ነው አልኳቸው። «አሜሪካ ድረስ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አሉና ማኅተሙን መቱ።

ደስ ብሎኛል። የሚገባውን አድርገናል።

ሁለት ጭንቀት ግን አለብኝ። አንዱ፣ አስቴር ምሳ አልበላችም። ሌላው፣ ከጓሮ እንሰታችን የአንዱ መሐል ቅጠል ቢጫ ሆኗል። አምና አረካ ያሉት የባሳ ዘመዶች ጓሮ እንዲህ ነበር የጀመረው። ሲያልቅ ባዶ ምድር ቀረ፤ ልጆቹ ለየዘመዱ ተከፋፈሉ። አስቴር ይህን ትምህርት የፈለገችው ከዚያ ወዲህ ነው። በሽታው ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው በምን እንደሚሻገር ማወቅ ትፈልጋለች። ያን ዕለት ከአረካ ስንመለስ መኪናው ላይ ሌላ ወሬ አላወራችም።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ብርድ፣ ጥሩ ፀሐይ። እትዬ በለጡ ከሚካኤል ሲመለሱ በደጃፋችን አለፉ። ነጠላቸውን እንዳጣፉ በር ላይ ቆመው፣ «የአስቴር እናት፣ የፈረንጁ እናት አርባ ወጥቷል። በሉ አሁን ለምኑ» አሉ።

አስቴር ያቺን አንድ ገጽ ለካ ጽፋ አስቀምጣታለች። ከመጽሐፉ መሐል አወጣቻት፣ አንድ ቦታ አርማ ገለበጠቻት። ገጿ ሰኞ በፖስታ ትሄዳለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። የብርድ አገር ሰው ልትሆኚ ነው ብዬ ካፖርት ቆረጥኩላት። ጨርቁ ከሰው ልብስ የተራረፈ ነው፤ ሁለት ዓይነት ግራጫ። ልዩነቱ ከሩቅ አይታይም።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

ነፋስ። ቤት ውስጥ እኔና አስቴር ብቻ።

መልሱ መጣ።

እንዲህ ይላል። የሐዘን ደብዳቤሽ እስከ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ለእህቴ አነበብኩላት፤ አብረን አለቀስን። ከሥራ ባልደረቦቼ እንኳ እንዲህ የጻፈልኝ የለም። ነገር ግን ስለ ትምህርቱ አንድም ቃል ስላልነበረበት፣ ሐሳብሽን ለውጠሽ በጨዋ መንገድ የተሰናበትሽኝ መሰለኝ። ጥቂት ጠብቄ ቦታውን ለሌላ ተማሪ ሰጠሁ። አሁን የላክሽውን ገጽ ሳነብ በጣም አዘንኩ። እኔ ወደ ጡረታ ነኝ፤ ከዚህ ተማሪ በኋላ ሌላ አልቀበልም።

አስቴር እስከ መጨረሻው ድምፅዋ ሳይለወጥ አነበበች። አጣጠፈችው።

«ደግ ነገር ነው የሠራነው፣ እማዬ» አለችኝ።

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ የተማሪዎቿን ደብተር አውጥታ ማረም ጀመረች። አንዱን ገጽ ይዛ ብዙ ቆየች። ቀይ እስክሪብቶው ክዳኑ አልተነሳም ነበር።

ሰውዬው ሲጠብቅ ነበር። እናቱን ቀብሮ፣ የልጄን አንድ ገጽ ሲጠብቅ። ያን ጊዜ ሐዘኑን የሚያስረሳው ሥራ ፈልጎ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን በራሴ ለቅሶ ለካሁት።

ካፖርቱ አንድ እጅጌ ቀርቶታል። አጣጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።


ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 14

አስቴር ጠዋት የተረፋትን ስስ ወረቀትና ፖስታ ሰጠችኝ። ለማስታወሻሽ ይሁንሽ፣ እኔ ከእንግዲህ የምጽፍለት የለኝም አለች። ሌላ መምህር ፈልጊ እንጂ አልኳት። ማንን አውቄ፣ መቼስ ብዬ ነው የምጽፈው አለች። ወይ ይቸኩልብኛል ወይ ይዘገይብኛል አለችና ወጣች።

እትዬ በለጡ ሰምተው መጡ። እኔ ምን አውቄ አርባ አልኩ ብለው አለቀሱ። እንባቸውን ሲጨርሱ ግን ተቆጡ። «ልጁን ለሌላ የዳረ አባት እንኳ፣ ደግ ሰው ከሆነ፣ ለመጣበት ሽማግሌ ሌላ ቤት ያሳያል። ይሄ ሰውዬ ደግ ነው አላላችሁም?»

ይህ ነገር ከሰዓት በኋላውን ሁሉ አልለቀቀኝም።

በሕይወቴ ለሰው ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ወሬው ሁልጊዜ ግማሹ ላይ ይቆረጣል። የስፌት መኪናዬን ከደንኩና ክዳኑ ላይ ጻፍኩ። የጻፍኩትን እዚህ ላስቀምጠው፦

«የተከበሩ መምህር። እኔ የአስቴር እናት ነኝ። ልጄ ሐሳቧን አልለወጠችም። ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ። በእኛ አገር በለቅሶ ቤት ጉዳይ አይነሳም። ስለምናከብርዎ ነው እንጂ ስለናቅንዎ አይደለም። አሁን ለቅሶው አልፏል። ስለዚህ እለምንዎታለሁ። የእርስዎ ቦታ ከተያዘ፣ ሌላ መምህር ዘንድ ሽማግሌ ይሁኑላት። መቼ እንደምትጽፍም ይንገሯት። በሉ ባሉን ቀን እንጽፋለን፤ ሰው ቢሞትም እንጽፋለን። ይህን ደብዳቤ እዚያ የሚማረው የአገራችን ልጅ ያንብብልዎ። ለምን ዝም እንዳልን ያስረዳዎታል።»

«ሰው ቢሞትም» ያልኳት ከብዳኝ ልሰርዛት ነበር። ተውኳት።

አድራሻውን ከሳቸው ፖስታ ላይ እያየሁ የእንግሊዝኛውን ፊደል አንድ በአንድ ሣልኩት።


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 15

በጠዋቱ ተነሳሁ። ጤዛ ነበር። ታማሚው እንሰት ሦስተኛ ቅጠሉ ወድቋል። ፖስታ ቤት ሳይከፈት ደርሼ በር ላይ ቆምኩ።

አቶ ታፈሰ ፖስታውን አገላብጠው አዩት። አልዘጋሁትም ነበር፤ አማርኛውን አይተው፣ «ይሄንን ፈረንጅ እንዴት አድርጎ ነው የሚያነበው?» አሉኝ።

እዚያ የእኛ ልጅ አለ አልኳቸው።

«እንደገና ለቅሶ ነው?»

«አይደለም። ጉዳይ ነው።»

አልሳቁም። ሙጫውን ሰጡኝ፣ ዘጋሁት፣ ቴምብሩን ለጠፉ። አዲስ አበባ የሚሄደው ከረጢት ውስጥ ሲገባ አየሁ። ወደ ቤት መዞር ጀምሬ ነበር። ግን ለአስቴር ሳልነግራት ብውል ያው የለመድኩት ዝምታ መሆኑ ታወቀኝ። ወደ ትምህርት ቤቱ ወጣሁ።

ልጆቹ ግቢ ውስጥ ነበሩ፣ ደወል አልተደወለም። አስቴር ስታየኝ ሰው የሞተ መስሏት ሮጣ መጣች። ደብዳቤ ላክሁ አልኳት። ለማን አለች። ነገርኳት።

«በአማርኛ?»

«በአማርኛ።»

አፏን ጠመኔ በነካው እጇ ያዘች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላወቅሁም።

«ምን ብለሽ ጻፍሽላቸው?»

«ለመንኩ» አልኳት።

ደወሉ ተደወለ። እሷ ወደ ክፍሏ ገባች። እኔ ቤት ተመልሼ ካፖርቱን ከሣጥን አወጣሁና የቀረውን እጅጌ መስፋት ጀመርኩ።