ድብኝታችን ውስጥ ያለችው የአስካለ መስመር

ለቤቴ አባወራ ለተሻገር፤

እንዴት ነህ አልልህም፤ ያለህበትን እግዜር ያውቃል። እኛ ደህና ነን። ከተለየኸን አስራ አንድ ወር አለፈ፤ ክረምቱ ተመልሶ ገባ፤ ሙት ዓመትህም ደረሰ። የምጽፍልህ በመሠረተ ትምህርት በለቀምኳት ፊደል ስለሆነ እንደ ልማድህ ይቺ ጎበጠች፣ ያቺ ተንጋደደች እያልክ አትሳቅብኝ። ልጃችን ሰናይት ልጻፍልሽ ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት። የባልና የሚስት ነገር ነው፤ ልጅ አይገባበትም።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። የአናጢነት ዕቃህን አልሸጥኩም። ጎረቤት መላጊያህን ሊዋስ ሲመጣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አልሰጥም እላለሁ፤ አንገቱን እየነቀነቀ ይሄዳል። የቀበሌው ሱቅ ስኳር የሚያድለው በቤተሰብ ቁጥር ነውና ያንተን ድርሻ ቀነሱብን። ያን ቀን እንደ አዲስ አለቀስኩ። ሰዎቹ ለስኳሩ ያለቀስኩ መስሏቸው፣ አይዞሽ በሚቀጥለው ወር ይጨመር ይሆናል አሉኝ። የጓዳው በር አሁንም ሲከፈት ይጮኻል። የደብረ ብርሃንን ሰው በር ስትሠራ ኖረህ የራስህን ሳታስተካክል ሄድክ።

ብዕር ያነሳሁት ግን ስለ ድብኝቱ ነው።

ትዝ ይልሃል? በተጋባን ሰሞን ጭቃና ጭድ አቡክተን ለእህላችን ጓዳ ውስጥ ድብኝት አቆምን። እንደደረቀ ሚስማር ይዘህ ወደ ውስጥ አጎነበስክና ግድግዳው ላይ ዙሪያውን መስመር ጫርክ። ገብሱ እዚህ ሲደርስ እጅሽን ሰብስቢ፣ ከዚህ በታች ያለው ለክፉ ቀን ነው አልከኝ። አሳቢ ባል አገባሁ ብዬ ደስ አለኝ። እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት! ልኩን እንዴት አወቅከው፣ ለምን ከዚህ ከፍ ወይ ዝቅ አላደረግከውም አልኩህ። አንተ ደግሞ ምንም ሳይመስልህ፣ የሚስማርህን ጫፍ እየጠረግክ፣ አስካለ እዚህ ድረስ ነበር የምታደርገው አልከኝ።

አስካለ! አንኮበር የቀረችው የመጀመሪያ ሚስትህ! በሽማግሌ፣ በሰላም እንደተለያያችሁ አውቃለሁ። ሌላ ባል እንዳገባችም ነግረኸኛል። ግን ሰው በአዲስ ሙሽራ ጓዳ የድሮ ሚስቱን ልክ ይጭራል? ከዚያ ወዲህ ገብስ ልቀዳ ባጎነበስኩ ቁጥር እሷ ትጠብቀኝ ነበር። መልኳን አላውቅም፤ በልቤ ግን ሠራኋት። ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ አንገቷ በንቅሳት ያጌጠ። ወጡ ጣፈጠ ስትለኝ እንኳ፣ ከማን ጋር አወዳድሮ ነው እያልኩ ስበግን ውዬ አድሬያለሁ።

በዓመቱ ሥራ ስትሄድ ጠብቄ ሚስማርህን አነሳሁና ከሷ መስመር አራት ጣት ከፍ አድርጌ የራሴን ጫርኩ። በገዛ ጓዳዬ ከአስካለ በታች አልኖርም አልኩ። አግኝተኸው እንባህ እስኪወርድ ሳቅክ። አንቺ ሴትዮ፣ ድብኝቱ ጠግቦ እኛ ልንራብ ነው አልክ። እውነትህን ነበር። ያቺን አራት ጣት ለመሙላት ስንቱን ክረምት በባቄላ ንፍሮ አሳለፍኳችሁ! ሌላው ሰው መጠባበቂያ የሚያስቀምጠው በቤቱ ያለውን አፍ ቆጥሮ፣ አዲሱ እህል እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ገምቶ ነው። እኔ የአስካለን ቁመት በሐሳቤ ለክቼ አስቀመጥኩ።

የድርቁ ዓመት ሲመጣ ከኔ መስመር ወረድን። ከሷም መስመር ወረድን። እጄን ስሰድ የድብኝቱ ወለል ሊነካኝ ትንሽ ሲቀረው አዲሱ ገብስ ደረሰ። አንተም፣ ያቺ አራት ጣት ባትኖር ምን ይውጠን ነበር አልከኝ። አቤት እንዴት ደስ እንዳለኝ! ደስታዬን ግን አላስጨረስከኝም። የሁለት ሴቶች እጅ ነው ያወጣን ብለህ ጨመርክበት። ሁለት የምትለውን ቃል ብትውጣት ምን ነበር?

ለቅሶህ ላይ መጣች። ከአንኮበር በጭነት መኪና፣ ከአልዩ አምባ በርበሬ ከጫኑ ነጋዴዎች መሀል ተቀምጣ። ሰው ይቺ አስካለ ናት ሲለኝ አላመንኩም። አጭር ናት! ከትከሻዬ አትደርስም። ተሻገር ሙት፣ እንዲህ አጭር መሆኗን አንድ ቀን ብትነግረኝ ስንት ዓመት ባረፍኩ ነበር። አለቃቀሷ ግን ያማረ ነው። እኔ የማላውቀውን የልጅነት ስምህን እየጠራች ስታለቅስ፣ በሬሳህ ፊት ቀናሁ። እንዲህ ነውር ያለበት ነገር ለሌላ ለማን እጽፈዋለሁ?

በሠልስትህ ልታግዘኝ ጓዳ ገባች። በእግሯ ጣት ቆማ ወደ ድብኝቱ አየችና ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ መሳቅ ጀመረች። ደሜ ገና ሳይፈላ ነገሩን ነገረችኝ። መስመሯ የሷም አይደለችም! እሷን ያገባህ ጊዜ አንኮበር ድብኝቷ ላይ ጭረህ፣ እናቴ እዚህ ድረስ ነበር የምታደርገው ብለሃታል። አማቷን በዓይኗ ማየት አስጠልቷት እንደኖረች ነገረችኝ። እኔን እንዳበገነኝ አንቺንም አበገነሽ አይደል፣ ይሄ ቀልቃላ! አለችኝ። ከሞትክ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ሰው ተበትኖ ብቻዬን ስቀር ደግሞ ሌላ ነገር ከነከነኝ። ለሷ የእናቴ ነው ብለህ እውነቱን ነገርካት። ለኔ ሲሆን ለምን የአስካለ ሆነ? ልኩ ከእናትህ እጅ ወጥቶ በአስካለ ስም ልብህ ውስጥ ቀርቶ ነበር ማለት ነው? በሕይወት ብትኖር ይህን ሳትመልስ እራት አይቀርብልህም ነበር።

አሁን ወዳለሁበት ጭንቅ ልምጣ። ገብሱ ከኔ መስመር የሚተርፈው ጥቂት ነው። ከመንግሥት አናጢነትህ የሚተላለፍልን ጡረታ ለጋዝ፣ ለጨው፣ ለሰናይት ደብተር ሲባል ያልቃል። እንደ ድሮው በር አሠርቶ በእህል የሚከፍለን ገበሬ የለም። አዲስ ገብስ እስከ ኅዳር አይታሰብም። የእድሩ ሴቶች ደግሞ፣ ተሻገርን የመሰለ ሰው በደረቅ ጸሎት አይታሰብም፣ ጠላ በጋን ጥመቂ፣ ሰፈሩን ጥሪ ይሉኛል። እንደነሱ ካደረግኩ ከኔም ከሷም መስመር እወርዳለሁ፤ ሰናይትን ይዤ ደግሞ በማን ላይ እወድቃለሁ? ካላደረግኩ ባሏን በንፍሮ ሸኘች ልባል ነው።

በዚህ መሀል ባለፈው ሳምንት አንድ ጆንያ ገብስ በመኪና መጣ። ከአስካለ ነው። ለሙት ዓመቱ ደግሺበት፣ ከመስመሯ በታች ያለውን ግን አትንኪ ብላለች። ተቃጠልኩ! ያንተን ተዝካር አስካለ አወጣችው ሊባል! ጆንያውን በመጣበት መኪና ልመልስ ሾፌሩን እስከ መንገዱ ተከተልኩት፤ ቀድሞኝ ሄደ። ገብሱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሰነበተ። ሰናይት ትምህርት ቤት ስትሄድ እየዘለለችው ትወጣለች፤ ስትመለስ እየዘለለችው ትገባለች። አንድ ቀን ጫማዋ ጆንያው ላይ ተጠልፎ ሶሉ ሲገነጠል አየሁ። ለሱ እንኳ መለወጫ የለኝም። ያን ጊዜ ቆረጥኩ።

ድግሱ ትንሽ ይሆናል። ለካህናቱ፣ ለእድርተኛው፣ ደጅ ለሚቆሙት ነዳያን የሚበቃ፤ ያውም ከመስመሬ በላይ ካለው። በስምህ የሚበላው እኔ ያጠራቀምኩት ገብስ ነው፤ እዚያ ላይ ማንም አይጋራኝም። የአስካለን ጆንያ ግን ተሸክሜ ድብኝቱ ውስጥ ገለበጥኩት። ሠሪ የሌለው ቤት ከድሮው የበለጠ ማስቀመጥ አለበት፤ ይህን እንኳ ያለ ቅናት ነው ያሰብኩት። ከአራቷ ጣት በላይ ሌላ አራት ጣት ጫርኩ። ክፉ ቀን ከመጣ የሷን እበላለሁ፣ ልጅህንም አበላለሁ፤ አላፍርም። አስካለን ለሙት ዓመትህ ጠርቻታለሁ፤ ከፊት አስቀምጣታለሁ። ጓዳ ግን አትገባም።

ሰናይት ስታገባ ድብኝቷ ላይ መስመሩን እኔ እጭርላታለሁ። ልኩ የማን ነው ብትለኝ የአባትሽ ነው እላታለሁ፤ ሌላ ስም አልጨምርም። እኔም በሕይወት እስካለሁ ገብስ ልቀዳ ባጎነበስኩ ቁጥር አስብሃለሁ። እሷንም ሳልወድ በግዴ አስባታለሁ፤ ለዚህኛው ተጠያቂው አንተ ነህ።

የመጨረሻዋ ሚስትህ
ደብሪቱ